የማርያም ውሃ

ሦስት ሰው ያስፈልጋል ተብሏል። ሦስት የአስመራ ሰው፣ ጎረቤት የሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ «ይህን ሰው እናውቀዋለን፤ ማንንም አልበደለም» ብሎ የሚምል።

ሰርፀ ከዳባት ተነሥቶ አስመራ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያውን የከተማውን ቧንቧ ሲቀጥልና ሲያጠብቅ ኖሯል። ወታደርም ሹምም ሆኖ አያውቅም። ነጻነት ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ የአገሩ ሰዎች በአውቶቡስ እየተጫኑ ሄደው አልቀዋል። እሱ የቀረው ሚስቱ ኣብርሄት እዚህ ስለሆነች ነው። ኣብርሄት ደግሞ የምትነቀል አልነበረችም፤ እናቷ ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ሦስት ዓመት አልፏል፣ ከልጃቸው እጅ በቀር ከማንም እጅ አይጎርሱም። ሦስት ሰው ከተገኘ ሰርፀ እዚሁ ይኖራል። ካልተገኘ ብቻውን ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ሁለቱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀበት። ብዙ ደጅ አንኳኩቷል። አንዳንዱ ቤት ልጅ ከትግል ሜዳ አልተመለሰም፤ እዚያ ገብቶ «ማሉልኝ» ማለት አፉን ያዘው። አንዳንዱ «እናስብበት» አለው፤ ያስቡበታል እስከ ዛሬ። በመጨረሻ አብሮት በአንድ ግቢ የሚኖረው የአውቶቡስ ሾፌር ጸሃየ «እኔ እምላለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ትኬት ሳይቆርጥ ሲሳፈር አላየሁትም» አለ። ሁለተኛዋ ኣደይ ለተብርሃን ነበሩ፤ የግቢው አሮጊት፣ ቃላቸው ከማኅተም የሚከብድ። ሦስተኛው ገረዝጊሄር እንዲሆን ነበር ተስፋው።

ገረዝጊሄር ገጀረት ሰፈር፣ ከእነ ሰርፀ ግቢ ከፍ ብሎ ያለው ቪላ ባለቤት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ጂዳ ኖሮ የተመለሰው በነጻነቱ ማግስት ነው። ማክሰኞ ዕለት ሰርፀን ያስጠራው የጣሪያው ታንከር ውሃ አልቆይ ስላለው ነበር።

በዚያ ሰሞን ለሰፈሩ ውሃ የሚለቀቀው ረቡዕና ቅዳሜ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው። ሰው በዚያች ሰዓት ታንከሩን ይሞላል፤ የመንገዱ ቧንቧ ሲደርቅ ደግሞ የወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ በር ላይ ያለውን ትልቁን የነሐስ መዝጊያ፣ አስመራ ሳራቺኔስካ የሚለውን፣ ይዘጋል። የገረዝጊሄር መዝጊያ ግን ቢዘጋም አይዘጋም። ማታ የሞላው ታንከር ጠዋት ጎድሎ ይገኛል።

«ይኸውልህ፣ ከጂዳ ያመጣሁት ነው» አለ ገረዝጊሄር፣ አዲስ መዝጊያ ከካርቶን አውጥቶ። እንደ ጥርስ ያብረቀርቃል። «ያንን ሽማግሌ ንቀልና ይህን ትከልልኝ።»

ሰርፀ መዝጊያው ያለበት ጉድጓድ ውስጥ በርከክ አለ። ከመዝጊያው ቀጥሎ ወደ ግድግዳው የሚገባውን ቧንቧ በካቻቢቴው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብሩ ተነሣ።

«ኣያ ገረዝጊሄር፣ መዝጊያውን ለመንቀል ይህን ቧንቧ በመፍቻ ጨምድጄ መያዝ አለብኝ። ከያዝኩት ተሰብሮ እጄ ላይ ይቀራል። ከዚያ ግድግዳ መስበር ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለውም ወንድሙ ነው፤ እስከ ጣሪያ ድረስ።»

«ጣልያን የተከለውን ጣልያን ይንቀለው ነው የምትለኝ?»

«አይነቀል ነው የምለው። አካሉ ደህና ነው። ሆዱን ብቻ አውጥቼ ላክመው።»

«ቀዶ ጥገና በለኛ!» ገረዝጊሄር ሳቀ። አዲሱን መዝጊያ በእጁ መዘነና ወደ ካርቶኑ መለሰው፤ ትንሽ ቅር ብሎታል። «እሺ ሓኪም። ታማሚው ከሞተ ግን አንተን ነው የምቀብረው።»

ሰርፀ የመዝጊያውን ቆብ ፈታ። ዘንጉን ከነምላሱ ቀስ አድርጎ ሳበው። ውሃውን የሚያግደው ያ የነሐስ ምላስ በአንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ዓመት በዓመት ግማሽ እየተዘጋ፣ ውሃ በጠባቡ እየፋጨ ሲያልፍበት የኖረ መዝጊያ እንደዚህ ይሆናል። በጣቱ ዳሰሰው። የተበላው ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ለውሃ ግን በር ነው።

ፈርኔሎ ተለኮሰለት። ምላሱን አሞቀና የተበላውን ጎን በስታኞ፣ በዚያ ብረት ከብረት በሚያጣብቀው ለስላሳ ቆርቆሮ፣ ሞላው። ሲበርድ በደቃቅ ሞረድ ይሞርደው ጀመር። ከዚያ የሻማ ጥቀርሻ ቀባው፣ ወደ መቀመጫው አስገባው፣ አጥብቆ ዘግቶ መልሶ አወጣው፣ ጥቀርሻው የት እንደተነካና የት እንዳልተነካ አየ። የተነካው ከፍ ያለ ነው፤ ይሞረዳል። ያልተነካው ዝቅ ያለ ነው፤ ይጠበቃል። አስገባ፣ አወጣ፣ ሞረደ። አሥራ አራት ጊዜ። ገረዝጊሄር መጀመሪያ ቆሞ አየ፣ ቀጥሎ ወንበር አምጥቶ ተቀምጦ አየ፣ በመጨረሻ ሻሂ አስቀድቶ አጠገቡ አስቀመጠለት። ሰርፀ አልጠጣውም። በአሥራ አራተኛው ጥቀርሻው ዙሪያውን እኩል ተነካ። በዘንጉ ዙሪያ ያለውን ያረጀ መጠቅለያ አውጥቶ በሞራ የራሰ ቃጫ ጠቀጠቀበትና ቆቡን መለሰ።

በማግስቱ ረቡዕ ውሃ መጥቶ ታንከሩ ሞላ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመንገዱ ቧንቧ ሲደርቅ ሰርፀ መዝጊያውን ዘጋ። የካቻቢቴውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ደግፎ አዳመጠ። የሚያፈስ መዝጊያ ያፏጫል። ይህ ዝም ብሏል። ሰርፀ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከሰማ ብዙ ጊዜው ነው።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው ያልከኝ?» አለ ገረዝጊሄር፣ እስካሁን እሺ ያላለበትን ልመና አንሥቶ።

«በሦስት ሰዓት።»

«እወ፣ እመጣለሁ። ይህን የሠራ እጅ ማንንም አልበደለም ብዬ እምላለሁ። ቀላል መሐላ ነው።»

ሰርፀ ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ መሬት አልነካም። ሦስት ሆኑ። ኣብርሄት ስትሰማ እናቷን የምታጎርስበትን ማንኪያ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቷም በአልጋቸው ሆነው የሚታዘዝላቸውን አንድ እጅ አነሡለት።

*

ሐሙስ ጠዋት የግቢው ቧንቧ አልመጣም።

የእነ ሰርፀ ግቢ ስምንት ቤተሰብና አንድ ቧንቧ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ የሚመጣው ውሃ ለስምንት ቤት አይበቃም። ነገር ግን ከነጻነቱ ክረምት ወዲህ፣ ውሃ በሌለበት ቀን ሁሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ቧንቧው በራሱ ጊዜ በቀጭኑ ይፈስ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይቆማል። ማን ስም እንዳወጣለት አይታወቅም፤ «የማርያም ውሃ» ይባላል። ኣደይ ለተብርሃን ጀሪካኖቹን በተራ ይደረድራሉ፣ አማትበው ይከፍታሉ፣ የማርያምን ውሃ የሚሻማ ሰው የለም፤ ሌላ ቀን በጥፍር የሚቧጨሩት እንኳ በዚያች ሰዓት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቧንቧ ያውቃል የተባለው ሰርፀ አንድ ጊዜ ተጠይቆ «መስመር ውስጥ የቀረ ትራፊ ይሆናል» ብሎ አልፎታል። ከዚያ በላይ አልመረመረም። በእንግድነት የሚኖር ሰው የሚቀዳለትን ይጠጣል እንጂ ከየት ተቀዳ አይልም።

«ማርያም ዛሬ ዘገየች» አለች አንዷ፣ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ።

«አውቶቡስ አጥታ ይሆናል፤ ጸሃየን ጠይቂው።»

«ኣይፋል!» አለ ጸሃየ ከበሩ ላይ ጺሙን እየተላጨ። «የኔ አውቶቡስ እሷን ጥሎ አያልፍም። ፌርማታው ላይ ቆማ ከተገኘች።»

«አንተማ ባለፈው እኔን ጥለህ አልፈሃል!»

«አንቺ ማርያም አይደለሽማ!»

ተሳሳቁ። ሰርፀ አልሳቀም። ሄዶ የቧንቧውን አፍ በመዳፉ ሸፈነ። የሚገፋም የሚስብም ነገር የለም። ቀና ብሎ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ተመለከተ። የገረዝጊሄር ታንከር በነጩ ግድግዳ ላይ፣ በጠዋቱ ፀሐይ፣ ሞልቶ ተቀምጧል።

በልቡ መስመሩን ከላይ ወደ ታች ሳለው። ታንከሩ የሚሞላውም የሚወርደውም በአንድ ቧንቧ ነው። መዝጊያው ሲያፈስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ወደ ደረቀው የመንገድ ቧንቧ ይወርዳል። ከመንገዱ ወደ ዝቅተኛው ቦታ። ዝቅተኛው ቦታ ይህ ግቢ ነው። ገረዝጊሄር የተመለሰው፣ ታንከሩን መሙላት የጀመረው፣ በነጻነቱ ክረምት። ሰርፀ እጁን ከቧንቧው ላይ አነሣ፤ መዳፉ ደረቅ ነበር።

ቤት ገብቶ ለኣብርሄት ነገራት። የእናቷን ሳህን አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገች።

«እስከ ሰኞ አፍህን ዝጋ» አለች።

«ኣብርሄት—»

«አራት ቀን ነው ያልኩህ። አራት ቀን ሳይናገር የሞተ ሰው አለ?»

ሐሙስን ዝም አለ። የማታ ማታ ግን ሰውየው ዝም ማለት አያውቅበትም፤ ውስጡ ያፏጭ ጀመር።

ዓርብ ጠዋትም ቧንቧው ደረቅ ነበር። ጀሪካናቸውን አሰልፈው የቀረቡት ሴቶች አልሳቁም። ኣደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አደግድገው ቧንቧው ፊት ሲሚንቶው ላይ ይሰግዱ ነበር። የጽጌ ጾም ነው፤ የእመቤታችን ጾም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት በጉልበታቸው ይወድቃሉ፣ ግንባራቸውን ያስነካሉ፣ በእጃቸው ተደግፈው ይነሣሉ። አንድ ጎረቤት ሊያነሣቸው ቢሞክር እጁን ገፉት።

«ተዉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከምራቴ ጋር ክፉ ቃል ተነጋግሬ ሳልታረቅ ነው እዚህ ቆሜ ስቀዳ የኖርኩት። ማርያም አይታኛለች።»

«ስንት ሊሰግዱ ነው ኣደይ?»

«መቶ። ካልመጣች ሌላ መቶ።»

ሰርፀ ከበሩ ላይ ቆሞ እስከ ሃያ ሦስት ቆጠረ። ሃያ አራተኛው ላይ አሮጊቷ በአንድ ጊዜ መነሣት አቃታቸው። ኣብርሄት ከኋላው የሸሚዙን ጨርቅ ያዘችው። ቀስ አድርጎ ጣቶቿን ፈታና ሄደ።

«ኣደይ ለተብርሃን፣ ይነሡ። የእርስዎ ኃጢአት አይደለም። የኔ ሥራ ነው።»

አስቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስለ ታንከሩ፣ ስለ መዝጊያው፣ ስለ ቁልቁለቱ። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ሰማ። አንዷ ሴት ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። ከኋላ አንድ ድምፅ «አማራው ዘጋብን በለኛ» አለ፤ ማን እንደሆነ ሰርፀ ዞሮ አላየም።

ኣደይ ለተብርሃን የግንባራቸውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እስከ ሰኞ ቆይተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ወደይ፣ ልጄ?»

«ሲሰግዱ አይቼ አልቻልኩም።»

«እሰግድ ነበራ። በሰገድኩ ማን ሞተ? ሰኞ ሄጄ እምልልህ ነበር።» ድምፃቸው ተቆጥቶ ሳይሆን ደክሞ ነበር። «አሁን እንዴት ብዬ ልማል? ‹ማንንም አልበደለም› በይ ይሉኛል። በእመቤታችን ጾም፣ ስምንት ቤት ውሃ አጥቶ እያየሁ።»

«የሰው መዝጊያ ነው የሠራሁት፣ ኣደይ። በደል ነው?»

«አይደለም። አእምሮዬ አይደለም ይለኛል። ልቤ ግን ገና አልሰማም። መሐላ የልብ ነው። ልቤ እስኪሰማ ጠብቀኝ።»

«ሰኞ ነው እኮ።»

«ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ።

*

አዲስ የተጠቀጠቀ ቃጫ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይሟሽሻል፤ ቆቡ እንደገና ጠበቅ መደረግ አለበት። ይህ የሙያው ወግ ነው። ሰርፀ ቅዳሜ፣ ታንከሩ ከሞላ በኋላ፣ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ገረዝጊሄር በር ላይ ተቀበለው፤ ደስ ብሎታል። አራት ቀን ሙሉ ሻወር ወስዷል።

ሰርፀ አሁንም ሁሉንም ተናገረ። ከዚያ «ኣያ፣ ሩብ ዙር ብቻ ክፍት ብንተወው» አለ።

የገረዝጊሄር ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። «ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የኔን ውሃ ነው ማርያም ሲሉት የነበረው?»

«አላወቁም ነበር። እኔም አላወቅሁም።»

«አምንሃለሁ።» ገረዝጊሄር የአትክልቱን አጥር ይዞ ቆመ። «ስማኝ ሰርፀ። አሥራ ሰባት ዓመት በሰው ቤት፣ በሰው ቧንቧ ኖሬያለሁ። ሰው ውሃ ቢለምነኝ በባልዲ እሰጣለሁ። መጥተው ያንኳኩ፤ በሬ ክፍት ነው። በቀዳዳ ግን አልሰጥም። ቤቴ ቀዳዳ እንዲኖረው አልፈልግም።»

ክፉ ንግግር አልነበረም። ሰርፀ ወርዶ ለኣደይ ለተብርሃን ነገራቸው። አሮጊቷ እስኪጨርስ ሰሙት።

«በር አንኳኩቼ?» አሉ። «ከማርያም እጅ የጠጣሁትን ከገረዝጊሄር በር ልለምን? እነዚህ ሴቶችስ ይለምኑ? ኣይፋል፣ ወደይ። የከተማው የውሃ ቦቴ ከሚቆምበት እንቀዳለን፤ ድሮም እንቀዳ ነበር።»

ተመልሶ ወጣ፤ ሥራው አላለቀም ነበር። ገረዝጊሄር «ስትጨርስ በሩን ሳበው» ብሎት ወደ ቤት ገባ። ሰርፀ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን በርከክ አለ። እጁ መዝጊያው ላይ ነው። ሩብ ዙር። ከዚያም ያነሰ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ቧንቧው በቀጭኑ ይፈሳል። ገረዝጊሄር እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት አይነቃበትም። ሁሉንም አሰላው።

የማይሰላው አንድ ነገር ነበር። ኣደይ ለተብርሃን አሁን ያውቃሉ። ነገ ያ ቧንቧ ቢፈስ ውሃው ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደተከፈተ ያውቃሉ፤ የተሰረቀ ውሃ ይሆናል፤ አይነኩትም። ነኩትም እንበል፤ በዚያ ላይ ይምላሉ? ውሃው የማርያም የነበረው ማንም ስላልከፈተው ነው። ያንን እሱ ራሱ በአንደበቱ ዘግቶታል፤ ለዚህ ደግሞ ሞረድ የለውም።

ቆቡን በመፍቻው ሩብ ያህል አጠበቀ። ካቻቢቴውን ከጆሮው ጀርባ ደግፎ አዳመጠ። ዝም ብሏል። በሩን ስቦ ወረደ።

*

ሰኞ በሦስት ሰዓት ገረዝጊሄር በከረባት መጣ። ጸሃየ ከፈረቃው አስፈቅዶ መጣ። ኣደይ ለተብርሃንም መጡ። ማንም አልጠበቃቸውም። ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ከበሩ ጎን፣ ከሌሎቹ ራቅ ብለው ቆሙ።

ጠረጴዛው ጋ የነበረው ወጣት ጨዋ ነበር። ሁለቱ ማሉ። ስማቸው ተጻፈ። ቀና ብሎ አሮጊቷን አየ።

«እርስዎስ ኣደይ? ምስክር ነዎት?»

«ጎረቤቱ ነኝ» አሉ ኣደይ ለተብርሃን።

«ይህ ሰው ማንንም እንዳልበደለ ይምሉለታል?»

አፋቸውን ከፈቱ። ክፍሉ ሁሉ ጠበቃቸው። ከዚያ ጀሪካኑን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ጎረቤቱ ነኝ» አሉ እንደገና። «ብቻውን እንዳይቆም ነው የመጣሁት።»

ወጣቱ ብዕሩን ትንሽ አንጠልጥሎ ያዘ፣ አስቀመጠ፣ ወረቀቱን በትሕትና ለሰርፀ መለሰለት። ሦስት ካልሞላ አይቻልም፤ መዝገቡም ዛሬ ይዘጋል። ወደ አገሩ የሚወስደው የሚቀጥለው አውቶቡስ የሐሙስ ሁለት ሳምንት ይነሣል።

ሲወጡ ጸሃየ ቀልድ ጀምሮ ግማሹ ላይ ተወው።

በዚያው ሳምንት የግቢው ሰው ወደ ሰርፀ በር መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣችው ያቺ ጀሪካኗን አንሥታ የሄደችው ሴት ናት፤ ላምባ የሚያንጠባጥብ ፈርኔሎ ይዛለች። «ከሄድክ በኋላ ማን ይሠራልኛል?» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ። ቀጥሎ የበር ቁልፍ መጣ፣ የተሰበረ ካውያ፣ ጆሮው የተነቀለ ድስት። ሰርፀ ማንንም አልመለሰም። በመጡበት ተራ ደረደራቸውና ከጠዋት እስከ ማታ ሠራ፤ ሲጨርስ የእያንዳንዱን ጥፋት ለባለቤቱ ያስረዳል፣ እንዴት እንደሚያዝም ይነግራል።

አውቶቡሱ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመጨረሻው ረቡዕ፣ ኣደይ ለተብርሃን መጡ። የያዙት እግሩ የሚወላወል በርጩማ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሰጡት።

«ልቤ ሰምቷል» አሉት። «ትናንት ነው የሰማው።»

«የቐንየለይ ኣደይ» ብሎ አመሰገነ ሰርፀ። በርጩማውን ገልብጦ እግሩን ነካካው። «ይህ ቀላል ነው። ይቀመጡ፣ አሁኑኑ እሠራልዎታለሁ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው መቀመጫ ሁሉ ግን በተጠገነ ዕቃ ተይዞ ነበር። ቆመው ጠበቁት። ኣብርሄት በውስጠኛው ክፍል እናቷን እያጎረሰች ነበር፤ የማንኪያው ድምፅ ይሰማል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይሰማል።